ጽጌረዳ ቀኑ ሳያልፍ እንዴት ይደርሳል?

አውሮፓ የፍቅረኞችን ቀን የሚያከብረው በፌብሩዋሪ 14 ነው፤ በእኛ የካቲት 7፣ አንዳንዴም 6። በማግስቱ የሚደርስ ቀይ ጽጌረዳ ፈላጊ የለውም። ስለዚህ አበባ ላኪ እቅዱን የሚያወጣው ከዚያች ቀን ተነስቶ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው።

አበባው ጥር መጨረሻ ላይ እንዲቆረጥ ተክሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ጫፉ ይቀነጠሳል፤ ያኔ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ሆለታ ደጋ ስለሆነ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ያድጋል፣ እምቡጡም ተለቅ ይላል፤ ሞቃቱ ዝዋይ ላይ ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ገበያ የሁለቱ ቦታ እርሻዎች በተለያየ ሳምንት ይቀነጥሳሉ። ሰማዩ ለቀናት ከደመነ ግን ስሌቱ ሁሉ ይፋለሳል።

ከተቆረጠ በኋላ ጠላቱ ሙቀት ነው። ዘንጉ ውኃ ጠጥቶ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ቀዝቃዛ ክፍል ይቆያል፤ በርዝመት ተለይቶ፣ ታስሮና በካርቶን ታሽጎ ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ቦሌ ይደርሳል። ከዚያ በጭነት አውሮፕላን፣ ለምሳሌ ወደ ቤልጂየም ሊየዥ፤ ከሊየዥ በመኪና ወደ ሆላንዱ የአልስሜር ጨረታ፣ ወይም ቀድሞ ውል ወዳሰረ ሱፐርማርኬት። በዚያ ሳምንት የአውሮፕላን ቦታ የማይፈልግ ላኪ ስለሌለ ቦታው ቀደም ብሎ ይያዛል።

ለእኔ ከባዱ በረራው ሳይሆን ርክክቡ ነው። ካርቶኑ የእጽዋት ጤና ምርመራና የጉምሩክ ወረቀት ሲጠብቅ ፀሐይ ላይ የቆየባት ሰዓት ምንም ምልክት አትተውም፤ የምትታወቀው ገዢው ቤት አበባው ያለ ጊዜው አንገቱን ሲደፋ ነው። አንዳንዶች ካርቶኑ ውስጥ ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ የሚከቱት ለዚህ ነው። ቅሬታ ሲመጣ ዕቃው በማን እጅ ሳለ እንደሞቀ ይታያል፤ ጭቅጭቁም ያጥራል።

ቡና መርከብ እስኪመጣ መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል። አበባ ግን ተጠባባቂ ክምችት የለውም። በ2010 እ.ኤ.አ. የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ የኬንያ እርሻዎች የተቆረጠ አበባቸውን ጥለዋል። ኬንያውያን ጽጌረዳን በቀዝቃዛ ኮንቴይነር በመርከብ መላክም ጀምረዋል፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ጉዞው ግን ሳምንታት ይወስዳል። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው ማለፍ ጀመሩ፤ ጉዞው ስለረዘመ የመቀንጠሻው ቀንም አብሮ ቀደም አለ።