ልጆቻችን የሚስቁበት «ጣሊያን» እና አያቶቻችን ያወቁት ጣሊያን

የልጅ ልጃችሁ ስልኩ ላይ አፍጥጦ «ጣሊያን እኮ ሲያሳዝን!» ወይም «ጣሊያንን በጣም ነው የምወደው» ቢላችሁ አትደንግጡ። ምናልባት የሚያወራው ስለ አገሩ ሳይሆን ስለ አንድ የጃፓን ኮሚክ ገጸ ባሕርይ ነው። አለመደንገጥ አንድ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍ ግን ሌላ ነው። አያት ወይም ወላጅ ለሆንን ሰዎች እዚህ ላይ የምንናገረው ቁም ነገር አለ።

ኮሚኩ «ሄታሊያ» ይባላል። የሣለው ሂደካዙ ሂማሩያ የተባለ ጃፓናዊ ነው። መጀመሪያ በኢንተርኔት ያወጣው ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታተመ፤ በ2009 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ካርቱን ሆነ። በዚህ ኮሚክ ውስጥ እያንዳንዱ አገር ሰው ሆኖ ይታያል። ጀርመን ኮስታራና ሥርዓት አክባሪ ነው። ጃፓን ዝምተኛ ነው። አሜሪካ ጯሂና ሃምበርገር የማይጠግብ ነው። እንግሊዝ ምግብ መሥራት አይሆንለትም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጣሊያን ደግሞ ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ፓስታ ወዳድ፣ እንቅልፋም፣ ጠብ ሲነሣ ነጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ ወጣት ነው። ጀርመን መጀመሪያ ሲያገኘው የተደበቀው ቲማቲም ሳጥን ውስጥ ነበር።

ስሙም ቀልድ ነው። «ሄታሬ» በጃፓንኛ ወኔ ቢስ፣ የማይረባ እንደ ማለት ነው። ይህን ቃል ከ«ኢታሊያ» ጋር አጋጥመው «ሄታሊያ» አሉት። እኛ «ፈሪው ጣሊያን» ብንለው ከሐሳቡ ብዙ አንርቅም።

አገርን በሰው መመሰል አዲስ ነገር አይደለም። እኛ «እናት ኢትዮጵያ» እንላለን። እንግሊዞች ጆን ቡል የሚባል ወፍራም ገበሬ አላቸው፤ አሜሪካኖች ባለ ረጅም ባርኔጣውን አጎት ሳም ይሥላሉ። ጣሊያኖች ራሳቸው አገራቸውን የሚመስሏት በራሷ ላይ የከተማ ግንብ የሚመስል ዘውድ በደፋች ሴት ነው። ልዩነቱ፣ እነዚህ የየአገሩ ሕዝብ ለራሱ የሣላቸው መሆናቸው ነው። ሄታሊያ ግን አንድ ሰው ስለ ብዙ አገሮች የሣለው ቀልድ ነው። ቀልድን እንደ ታሪክ መጽሐፍ ማንበብ ሲጀመር ስሕተቱ ይመጣል።

ትንንሾቹ ስሕተቶች

የኮሚኩ ወዳጆች ስለ «ጣሊያን» የሚሳሳቱበት ነገር ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ጉዳት የለውም። በልጅነቱ በኦስትሪያ ቤት ቀሚስ ለብሶ ሲሠራ ስለሚታይ ሴት ልጅ ይመስላቸዋል። ወንድ ነው። ሌሎች ደግሞ እሱ ብቻውን መላውን አገር የሚወክል ይመስላቸዋል። በኮሚኩ ግን እሱ ሰሜኑ ነው፤ ደቡቡን የሚወክለው ሮማኖ የሚባለው ቁጡ ወንድሙ ነው። ይህ እንኳ ትክክለኛ የታሪክ መሠረት አለው፤ ጣሊያን እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ድረስ የተለያዩ ትንንሽ መንግሥታት ነበረች። ልጃችሁ ይህን ከኮሚክ ከተማረ መልካም ነው።

ትልቁ ስሕተት

ትልቁ ስሕተት ገጸ ባሕርዩ ጉዳት የማያውቅ ስለሆነ አገሩም በዚያ ዘመን ጉዳት አላደረሰችም ብሎ ማሰብ ነው። የኮሚኩ ዋና ጊዜ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ነው። ሙሶሊኒና መሰሎቹ በዚያ ውስጥ ዋና ሰዎች አይደሉም፤ መሪዎች «አለቃችን» እየተባሉ ከጀርባ ይጠቀሳሉ። ፊት ለፊት የሚታየው ፓስታ የሚቀቅለው ልጅ ነው። ይህን እያየ ያደገ ልጅ «ጣሊያን በጦርነቱ ምን አደረገ? እጁን ከመስጠት በቀር!» ቢል አይገርምም።

ቀልዱ ከየት መጣ? በ1940 እና 1941 እ.ኤ.አ. በሰሜን አፍሪካ ከ100,000 በላይ የጣሊያን ወታደሮች በቁጥር በጣም ለሚያንስ የእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ሰጥተዋል። እንግሊዞች በዚህ ብዙ ቀልደዋል፤ ቀልዱም ዓለምን ዞረ። መሣሪያው የደከመ፣ ለምን እንደሚዋጋ ያልገባው ወታደር እጁን መስጠቱ እውነት ነው። ይህ ግን ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ገጽ የተጻፈው በእኛ አገር ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረረን። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት አጽድቃ ነበር። ቢሆንም በሠራዊታችንም በባላገሩም ላይ ሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ረጨች።

በነርስነት ሙያ ስላለፍሁ ይህን ነገር ትንሽ ልግለጸው። ሰናፍጭ ጋዝ፣ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ሲነካ ወዲያው አያምም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቆዳ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ዐይን ያብጣል፤ ጉሮሮና ሳንባ ይቆስላል። ማርከሻ የለውም። የሚረዳው ቶሎ ልብስን አውልቆ በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። በባዶ እግሩ የሚዘምት፣ የተረጨውን ሣር የሚረግጥ፣ ከተረጨው ወንዝ የሚጠጣ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ሥራ በጀመርሁበት ዘመን ዐይናቸው ሁልጊዜ የሚያለቅስ፣ ሳላቸው የማይለቃቸው አዛውንቶች ይመጡ ነበር። አንዳንዶቹ «ከጭሱ ወዲህ ነው ልጄ» ይሉን ነበር። ከጭሱ ይሁን ከዕድሜ በምርመራ የምንለይበት መንገድ አልነበረንም። እነሱ ግን አልተጠራጠሩም።

ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በዶሎ ግንባር፣ መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአውሮፕላን ተደበደበ። በድንኳን የተኙ ቁስለኞች ሞቱ፤ የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደርም ቆሰሉ። በኋላም በቆረም አካባቢ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ቡድን ተመታ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን የተፈጸመውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ።

ይህን ያደረገው ቲማቲም ሳጥን ውስጥ የሚደበቀው ልጅ አይደለም።

በጣሊያንም ያለ ስሕተት

ለጃፓናዊው ሠዓሊና ለልጆቻችን ብቻ አንፍረድ። በጣሊያንም ውስጥ «እኛ ደጋግ ሰዎች ነን፤ እንደ ሌሎቹ ቅኝ ገዥዎች ጨካኞች አልነበርንም» የሚል እምነት ለብዙ ዘመን ኖሯል። ይህን እምነት በማስረጃ የተሟገቱት ራሳቸው ጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ ናቸው። በአገራቸው ብዙ ተሰድበውበታል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ በኢትዮጵያ ላይ ጥቅም ላይ መዋሉን ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ። አዋቂዎቹ ስድሳ ዓመት ከፈጀባቸው፣ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከኮሚክ ብቻ እንዴት ይወቀው?

ተቃራኒው ስሕተትም አለ

እውነቱን ስንነግራቸው ግን ልጆቹን ወደ ሌላ ገደል እንዳንገፋቸው። «ጣሊያን» አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ወይ የሚያሳዝን ፈሪ ነው፣ ወይ ጨካኝ ገዳይ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም። አገር ግን አንድ ሰው አይደለም። ኢሊዮ ባሮንቲኒ የተባለ ጣሊያናዊ የፋሺዝም ተቃዋሚ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ አገራችን ገብቶ ከአርበኞቻችን ጎን ቆሟል። በወራሪው ጦር ውስጥ ደግሞ ከጣሊያን ቅኝ ግዛቶች የተመለመሉ አፍሪካውያን አስካሪዎች ነበሩ። በእኛም በኩል አርበኛ እንደ ነበረ ባንዳም ነበረ። ኢትዮጵያን በአንድ ሰው እንሣላት ብንል የማንን ፊት እንሰጣታለን? ይህን ጥያቄ ለልጆቻችሁ አቅርቡላቸው፤ ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል።

ቀልዱ ያስከፋቸው ሌሎችም አሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኮሪያውያን አገራቸው በኮሚኩ የተሣለችበትን መንገድ ተቃወሙ። ከዚህ በኋላ አንድ የጃፓን የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ ካርቱኑን ለማስተላለፍ የነበረውን ዕቅድ ሰረዘ። ካርቱኑ ግን በሌላ መንገድ ለተመልካች ደረሰ፤ ወዳጁም በዛ። መከልከል ብዙም አልጠቀመም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ስልኩን አትንጠቁ። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አንድ ክፍል አብራችሁ እዩ፤ ከሚያስቀው ጋር ሳቁ። ከዚያ «ይህ ልጅ ሰሜኑ ነው ደቡቡ?»፣ «አለቃው ማን ነበር?»፣ «በዚያ ዓመት እኛ አገር ምን ይሆን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ብቻውን አንድ ምሽት ይበቃዋል።

በዕድሜያቸው መጠን ንገሯቸው። ለስምንት ዓመት ልጅ «ወረሩን፤ አምስት ዓመት ታግለን አስወጣናቸው» ይበቃል። ስለ ጋዙና ስለ የካቲት 12 ዝርዝሩን ለአሥራዎቹ አቆዩት። ስድስት ኪሎ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት በቀረጻው ዙሪያ እየዞራችሁ አሳዩአቸው። አርበኛ አያት ወይም ቅድመ አያት ከነበራችሁ ስማቸውን፣ የዘመቱበትን አገር፣ የቀረ ፎቶግራፍ ካለ ከነታሪኩ ጻፉላቸው። ያን ዘመን በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ለልጆቻችን የሚቀረው እኛ የጻፍነው ነው፤ ካልጻፍን ደግሞ ኮሚኩ ብቻ።