የቲማቲም ችግኝ ቅጠል ምን ይነግረናል?

የቲማቲም ችግኝ ቅጠሉ ሲገረጣ ወይም ሲጠወልግ ብዙ ጊዜ «ምች መታው» ይባላል። ነገሩም በዚሁ ያልቃል። አንዳንዱ ደግሞ ገበያ ወርዶ ያገኘውን መድኃኒት ይገዛና ይረጫል። ታዲያ ችግኙ የተራበ ቢሆንስ? ለረሃብ የተባይ መድኃኒት ምን ይሠራለታል? ገንዘቡም ሄደ፣ ችግኙም ሄደ። አንድ መደብ ችግኝ ማለት እኮ የጨውና የዘይት መግዣ፣ የልጆች ደብተር ማለት ነው። ስለዚህ ከመርጨት በፊት ማየት ይገባል።

ማየት የሚሻለው በጠዋት ነው። መጀመሪያ መደቡን ከሩቅ እዩት፤ ሁሉም ነው የታመመው ወይስ እዚህም እዚያም? ቀጥላችሁ ጎንበስ በሉና የታችኛውን ቅጠል፣ ከዚያ የላይኛውን ለጋ ቅጠል ተመልከቱ። ቅጠሉን ገልብጡት፤ ተባይ የሚደበቀው ከጀርባው ነው። ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትንም ቦታ አትርሱ።

ከዘሩ ጋር የወጡት ሁለት ቀጫጭን ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ቢረግፉ አትደንግጡ። ሥራቸውን ጨርሰው ነው። ከእነሱ በላይ ያሉት የታችኛዎቹ ቅጠሎች ሁሉም እኩል ከገረጡ፣ ነጠብጣብ ከሌለባቸውና ችግኙም ከቀጨጨ ግን ምግብ አጥሮታል ማለት ነው። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይፈልጋል። ትኩስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል። የቅጠሉ ጀርባ የወይን ጠጅ መልክ ካመጣ ደግሞ ብርድ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይድናል።

አፈሩ ረጥቦ ሳለ ችግኙ ቢጠወልግስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ጠማው» ብሎ ሌላ ውሃ ይጨምርበታል። የጨቀየ አፈር ለሥሩ አየር አይሰጠውም፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ቀጥኖ፣ ውሃ ቋጥሮ ከወደቀማ የችግኝ አውድም በሽታ ነው። ይኼ በሽታ ተጨናንቆ የተዘራና ውሃ የበዛበት መደብ ይወዳል። የወደቀውን ከነአፈሩ አውጡ፣ ችግኙን አሳሱት፣ ውሃ ቀንሱ።

አሁን ወደ ነጠብጣቡ እንምጣ። ቡናማ ነጠብጣብ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ፣ በውስጡ ክብ በክብ ላይ የተሠራ ከመሰለ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የሻጋታ በሽታ ነው። የታመመውን ቅጠል ቀጥፎ ማራቅና ውሃ ከሥሩ እንጂ ከላይ አለማፍሰስ ይረዳል። የሚያስፈራው ሌላው ነው። ዝናብና ጉም ሲያዘወትር ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ቦታ ቅጠሉ ላይ ይወጣል፤ በጠዋት ብትገለብጡት ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ። ይኼ ድንችን የሚፈጀው በሽታ ራሱ ነው፤ በጥቂት ቀናት መደቡን ሊጨርስ ይችላል። ድንች አጠገብ ቲማቲም ማፍላት የማይመከረው ለዚህ ነው። የሻጋታ መድኃኒት የሚጠቅመው በሽታው ሳይስፋፋ ነውና በዚያው ቀን የግብርና ልማት ሠራተኛውን ጠይቁ፤ ዓይነቱንና መጠኑን ይንገራችሁ።

ለጋ ቅጠሎቹ ወደ ላይ ተጠቅልለው፣ ጠርዛቸው ቢጫ ሆኖ፣ ችግኙ ማደጉን ካቆመ በሽታውን ያመጣችው ነጭ ዝንብ ናት። መደቡን በእጃችሁ ነካ ስታደርጉ ብን ብላ ትነሣለች። ለታመመው ችግኝ መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ መቅበር ብቻ ነው። ያሳዝናል፣ ግን አንዱን ማስታመም ሌሎቹን መጨረስ ነው። ለጤነኞቹ ቀዳዳው እጅግ የጠበበ መረብ መደቡ ላይ መወጠር ይጠቅማል። የአልጋ አጎበር ግን ነጭ ዝንብን አያግድም፤ ደግሞም እሱ የተሰጠው ለወባ ነው።

ቅጠሉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ሲጠማዘዝ ብታዩ፣ እጁን ያልፈታ ጸሐፊ የሞነጫጨረው ይመስላል፤ የትንሽ ዝንብ ትል የሄደበት መንገድ ነው። ጥቂት ከሆነ ችግኙ ይቋቋመዋል። መንገዱ ሰፍቶ እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሡት። ውስጡ ጥቁር ኩስና ትንሽ ትል ካያችሁ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል ስለሚኖር ከላይ ብቻ የሚቀር መድኃኒት አያገኘውም፤ ብዙ መድኃኒቶችንም ለምዷል። በጊዜ የተያዘውን ቅጠል ቀጥፎ በጥልቀት መቅበር ያዋጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅጠሉ ላይ ደማቅና ፈዛዛ አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ ከታየ በሽታው ከትምባሆም ሊመጣ ይችላል። ሲጋራ ያጨሰ ወይም ሱረት የሳበ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። የተነቀለውንም ችግኝ መደቡ ዳር አትጣሉት፤ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።