«ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ» ለምን ነጥብ አያሰጥም?

«ሥራ ተደራርቦብዎት የትኛውን እንዳስቀደሙና ለምን እንዳስቀደሙ፣ አንድ አጋጣሚ ጠቅሰው ይንገሩን።»

በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት፣ በኤን ኤች ኤስ፣ ለሪሴፕሽን ወይም ለቀጠሮ ክፍል ሥራ ያመለከተ ሰው ይህን ወይም የዚህ ወንድም የሆነ ጥያቄ ይጠብቅ። ብዙው የኛ ሰው ታዲያ ቀና ብሎ «እኔ ሥራ ሲበዛብኝ አልደናገጥም፤ ሁሉንም በየተራው እሠራለሁ፤ ጊዜዬን በደንብ እጠቀማለሁ» ይላል። አንድም ውሸት የለበትም። ነጥብ ግን አያስገኝለትም። አንድ አጋጣሚ ተጠይቆ ስለ ጸባዩ ነው የተናገረው።

የዚህ አጠያየቅ አመጣጥ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1941 ከአሜሪካ ጦር የበረራ ትምህርት ቤቶች የተባረሩ የ1,000 እጩ አብራሪዎች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። መምህራኑ ለማባረር የሰጡት ምክንያት «ጸባዩ ለበረራ አይሆንም»፣ «የማመዛዘን ችሎታው ደካማ ነው»፣ «በቂ መሻሻል አላሳየም» እያለ ይቀጥላል። ከዚህ ምን ይያዛል? ሰውየው አየር ላይ ሆኖ ምን እንዳደረገ አንድም ቃል የለም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ፍላናጋን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የጥያቄውን አቅጣጫ ቀየረው፦ ስለ ሰውየው ያላችሁን አስተያየት ተዉትና በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ያደረገውን ንገሩን። ዘዴውን በ1954 በጽሑፍ አወጣው። በ1973 ደግሞ የሃርቫርዱ ዴቪድ ማክሌላንድ ሰው ለሥራ ሲመረጥ በአእምሮ ፈተና ከሚለካ ሥራው በሚጠይቀው ብቃት ይለካ ብሎ ተከራከረ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ሰው ፊት ተቀምጣችሁ «አንድ አጋጣሚ ንገሩን» የምትባሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ራሳችሁን እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ቁጠሩት። ምስክር «ተከሳሹ ክፉ ሰው ነው» ቢል ዳኛው «ያየኸውን ተናገር» ይለዋል። ጠያቂዎቹም፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው፣ ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ ይሰጣሉ። አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ ፊታቸው ቢጨልምባችሁ አትደንግጡ፤ እየጻፉ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው። ያልተናገራችሁትን ግን ከራሳቸው አይሞሉላችሁም። «ባንክ» በሚሉት የተጠባባቂ ሠራተኞች መዝገብ ተመዝግቦ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲሠራ የቆየ ሰው «እናንተው ታውቁኛላችሁ» ብሎ ሲያልፍ፣ ከውጭ የመጣው በዝርዝር ተናግሮ ሥራውን የሚወስደው ለዚህ ነው።

ጥያቄዎቹ ከሰማይ አይወርዱም። ከማስታወቂያው ጋር «ፐርሰን ስፔሲፊኬሽን» የሚባል ሰነድ ይወጣል፤ በአንድ በኩል የግድ የሚያስፈልጉ፣ በሌላው በኩል ቢኖሩ የሚመረጡ ነገሮች ተዘርዝረዋል። ለቃለ መጠይቅ የጠሯችሁ በሱ መዝነው ነው፤ ጥያቄውንም ያወጡት ከሱ ነው። የደመወዝ እርከኑ፣ ማለትም ከ2004 ጀምሮ የሚሠራበት «ባንድ»፣ የሚጠበቀውን ከፍታ ይነግራችኋል። ባንድ 2 ወይም 3 ለሆነ የቢሮ ሥራ የሠራተኛ ጥንቃቄና ትሕትና ይፈለጋል፤ ከፍ ሲል ሌሎችን ማስተባበርና አሠራር ማሻሻል ይጨመራል። ሰነዱን አትሙና በእያንዳንዱ የግድ መስመር አጠገብ ከሕይወታችሁ አንድ አጋጣሚ ጻፉበት። መስመሩ ባዶ ከቀረ የምትፈተኑት እዚያ ላይ ነው።

«እኔ የጤና ተቋም ሠርቼ አላውቅም» የምትሉ አላችሁ። ካፌ ውስጥ የተቆጣ ደንበኛ አላረጋጋችሁም? የእድር ጸሐፊ ሆናችሁ የአባላት መዝገብ አልያዛችሁም? መዋጮ ሰብስባችሁ፣ ሒሳብ ሲጎድል ደረሰኝ በደረሰኝ አልፈለጋችሁም? መዝገብ አያያዝና የሌላ ሰው ገንዘብ ጥበቃ እንዲህ ያለ ማስረጃ ይወዳል። ከአገር ቤት የመጣ ልምድም ልምድ ነው፤ ብቻ ሰሚው ካርድ ክፍል ምን እንደሆነ አያውቅምና በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱት።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት አዲስ አበባ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርታ፣ አሁን ለንደን ለቀጠሮ ክፍል አመልክታለች እንበል። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ ቀረበላት። የኛ ሰው ወግ ያውቃልና ታሪኩን ከሥሩ ይጀምራል፦ ሆስፒታሉ መቼ እንደተሠራ፣ አለቃዋ ማን እንደነበሩ፣ ሰልፉ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር። አምስት ደቂቃ ያልቃል፤ እሷ ገና ምንም አላደረገችም። ቀጥሎ «ተባብረን ሠራን፣ ተወጣነው» ትላለች። ራስን ማጉላት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ድርሻውን ለሁሉም ያካፍላል፤ ጠያቂው ግን ለባልደረቦቿ ነጥብ መስጠት አይችልም።

ይልቅስ እንዲህ ብትል፦ «ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ሁለት ባልደረቦቼ ቀርተው ብቻዬን ነበርኩ፤ ሰልፉ ከግቢው በር ደርሷል። መጀመሪያ ቀጠሮ ያላቸውን ከአዲሶቹ ለየሁ፤ የቀጠሮዎቹን ካርድ ዓርብ ማታ አውጥቼ ስለነበር ቶሎ አለቁ። ከሰልፉ መሀል አንዲት ነፍሰ ጡር ሲያማት አየሁ። ምን ያህል እንደሚያስቸኩል የምወስነው እኔ ስላልሆንኩ ወዲያው ነርስ ጠራሁ። ለቀሩት ሰዎች ምን እንደተፈጠረና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቁ ወጥቼ ነገርኳቸው። ለአለቃዬ ደውዬ አንድ ሰው እንዲጨመርልኝ ጠየቅሁ። እስከ አራት ሰዓት ሰልፉ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሰኞን ካርዶች ሁልጊዜ ዓርብ ማታ የማውጣቱን ሐሳብ አቅርቤ ተቀበሉኝ።»

እዚህ መልስ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ፍጥነቷ አይደለም፤ ነርስ መጥራቷ ነው። የአስተዳደር ሠራተኛ ማን የበለጠ እንደታመመ አይወስንም፤ የሥልጣኑን ወሰን ያወቀ ሰው ግን ጠያቂውን ያሳምናል። ቅርጹንም ልብ በሉት። ሁኔታው በሁለት መስመር አለቀ፤ ያደረገችው ሰፋ፤ ውጤቱ በሰዓት ተነገረ፤ መጨረሻ ላይ ያተረፈችው ልማድ መጣ። እዚህ አገር ይህን አሠራር «ስታር» ይሉታል፦ ሁኔታው፣ የእኔ ኃላፊነት፣ ያደረግሁት፣ ውጤቱ። አምስት ስድስት እንዲህ ያሉ ታሪኮች ካሏችሁ ለብዙ ጥያቄ ይበቃሉ፤ አንዱ ስለ ቁጣ፣ አንዱ ስለ ስሕተት፣ አንዱ ከባልደረባ ጋር ስለ አለመግባባት ይሁን። በአማርኛ የኖራችሁትን ታሪክ በእንግሊዝኛ ስትናገሩት ምላስ ይተሳሰራልና በስልካችሁ እየቀዳችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ።

ከሁሉ የሚያስቸግረን የምሥጢር ጥያቄ ይመስለኛል። «አንድ ሰው ደውሎ ‹ባለቤቷ ነኝ፣ ቀጠሮዋ መቼ ነው?› ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?» የኛ ልብ ቶሎ ይራራል፤ የሰው ጉዳይ ማገዝ ደግ ሥራ ነው ብለን አድገናል። እዚህ ግን ሴትየዋ ታካሚ መሆኗን እንኳ አታረጋግጡለትም። መዝገቧ ላይ ፈቃድ መስጠቷን ታያላችሁ፤ ከሌለ በትሕትና ራሷ እንድትደውል ትጠይቃላችሁ፤ ከተቆጣ ለኃላፊ ታስተላልፋላችሁ። በ1997 በፊዮና ካልዲኮት የተመራው ኮሚቴ ያወጣቸው የታካሚ መረጃ አጠባበቅ መርሆዎች ዛሬ ስምንት ደርሰዋል፤ አንደኛው ሥራው የሚጠይቀው ሰው ብቻ ይወቅ ይላል። ደዋዩ የቤተ ክርስቲያን ጎረቤታችሁ ወይም አክስታችሁ ቢሆንም መልሱ ያው መሆኑን ሳትጠየቁ ጨምሩበት።

አማርኛ መቻላችሁም እዚህ ላይ ይነሣል። በርግጥ ሀብት ነው፤ ነገር ግን «ሐኪሙ ጋ ገብቼ አስተረጉማለሁ» አትበሉ። የመድኃኒት መጠን አንዴ ቢዛባ ሰው ይጎዳል፤ ታካሚውም የሰፈሩ ሰው ፊት ሕመሙን ይደብቃል። «በቋንቋው ሰላም ብዬ አረጋጋዋለሁ፣ የሠለጠነ አስተርጓሚ አስይዝለታለሁ» የሚለው ሁለቱንም ያሟላል፤ ቋንቋውንም፣ ወሰኑንም።

ትንሽ የቤት ሥራም አለ። የኤን ኤች ኤስ ሕገ ደንብ በ2009 ወጥቶ ስድስት እሴቶችን ያስቀምጣል፤ ክብር፣ ርኅራኄ፣ ጥራት ያለው አገልግሎት፣ ለታካሚ ሲሉ አብሮ መሥራት፣ ሕይወትን ማሻሻልና ማንንም አለመተው። በቃል መደርደራቸው አይጠቅምም፤ ከታሪካችሁ በአንዱ ውስጥ ይታዩ። የቀጠሮ ክፍል ከሆነ ደግሞ አስቸኳይ ያልሆነ ታካሚ ሪፈር ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና እንዲጀምር የሚጠይቀውን ደንብ እወቁ። ያን ጊዜ «ጥንቃቄ ለምን ይጠቅማል?» ሲባል፣ አንድ ቀን ተሳስቶ ቢመዘገብ ሰው ከተራው እንደሚጠፋ መናገር ትችላላችሁ።

ማስታወሻ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ጥያቄው ካልገባችሁ ይድገሙልኝ በሉ፤ ለማሰብ ዝም ማለትም ችግር የለውም። ሥራውን ካላገኛችሁ የትኛው ጥያቄ ላይ ነጥብ እንዳነሰባችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የተጻፈ ወረቀት አላቸውና ይነግሯችኋል። እንደወጣችሁም ጥያቄዎቹን ሳትረሷቸው ጻፏቸው፤ የሚቀጥለው ሆስፒታል ሰነድ ከዚህኛው ብዙም ስለማይለይ ግማሹ ተመልሶ ይመጣል።