ኖቱ ሞልቷል፣ ሰርቹ ባዶ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የጥብቅና ቢሮ አንድ ወጣት ጠበቃ ኦብሲዲያን የተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ ላይ «የስራ ስንብት ክፍያ» ብሎ ፈለገ። ምንም አልወጣለትም። ከሥራ ለተሰናበተው ደንበኛው «ሕጉ ላይ አላገኘሁትም» የሚል መልእክት መጻፍ ጀምሮ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 39 የሚናገረው ግን ስለዚሁ ስለ ሥራ ስንብት ክፍያ ነው፤ አዋጁም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። የቢሮው የሰነድ ባለሙያ በትከሻው በኩል አይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «ወንድሜ፣ ኖቱን አንድ ቀን እንኳ ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?»

አያውቅም። ማንም ከፍቶ አያይም፤ እሷን የሚያበግናትም ይኸው ነው። ወጣቱ አሠራሩን የቀዳው ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነበር፦ ፒዲኤፉን ፎልደር ውስጥ ጣለው፣ ስክሪፕቱ ጽሑፉን ያወጣዋል፣ ኖት ሆኖ ይገባል፣ የቀረውን ኤአይ ይጨርሰዋል። ይህን የሚጽፍ ሰው የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ አስገብቶ የሚወጣውን እንዳላየ ያስታውቃል።

የዚያኑ ዕለት ለባልደረቦቿ ግሩፕ ላይ ጻፈች። በቁጥር ነበር የጀመረችው።

1. በፒዲኤፉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሳያዩ አለማመን። አንድ ፒዲኤፍ ለዓይን የሚታይ ገጽ አለው፤ ኮፒ ሲደረግ የሚወጣ ጽሑፍም አለው። ሁለቱ ላይገናኙ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ፣ ቢሮዎች የሚጽፉት እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፎንቶች ነበር። እነዚህ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ቦታ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ «የቤት ኪራይ ውል» ይነበባል፤ ኮምፒውተሩ ግን የያዘው የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ነው። ሲታተም ያምራል። ኖት ሆኖ ሲገባ ማንም የማያነበው፣ ሰርችም የማያገኘው ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። የገጽን ምስል ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው (ኦሲአር የሚባለውን ሥራ የሚሠራው) ነፃው ፕሮግራም ኦሲአርማይፒዲኤፍ ገጹ ላይ ጽሑፍ ካገኘ ሥራውን አቁሞ «ይህ ገጽ ጽሑፍ አለው» ይላል። ማስጠንቀቂያው ትክክለኛ ነው። የቻናሉ መምህራን ግን ማስጠንቀቂያው እንዳያስቸግር ብለው «ጽሑፍ ያለውን ገጽ ዝለል» የምትለዋን ትእዛዝ ስክሪፕቱ ላይ ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ዝብርቅርቁን እንደ ደህና ጽሑፍ ቆጥሮ ያልፈዋል፣ ስክሪፕቱ «ተሳክቷል» ይላል፣ ፎልደሩም አረንጓዴ ምልክት በምልክት ይሆናል። ቢሮው የራሱን የድሮ ውሎች በሙሉ ያስገባው በዚህ መንገድ ነው። አንዳቸውም በሰርች አይገኙም፤ አንዳቸውም ስህተት ተብለው አልተመዘገቡም።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ጽሑፉ ኖት ከመሆኑ በፊት ስክሪፕቱ ከፊደላቱ ስንቱ የኢትዮጵያ ፊደል እንደሆነ ይቁጠር፤ ዩኒኮድ ለዚህ የሰጠው ዋናው ረድፍ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለው ነው። አማርኛ መሆኑ በሚታወቅ ሰነድ ላይ ቁጥሩ ከመቶ 20 በታች ከሆነ የድሮው ጽሑፍ ይጣል፤ ገጹም እንደ ምስል ተቆጥሮ ቴሰራክት በተባለው የኦሲአር ፕሮግራም እንደ አዲስ ይነበብ። ቴሰራክት የአማርኛ ሞዴል አለው፤ ገጹ ሁለት ቋንቋ ካለበት አማርኛና እንግሊዝኛ አብረው ይሰጡታል። ስካኑ ከ300 ዲፒአይ ባያንስ ይመረጣል፤ ያለበለዚያ «ለ» እና «ሉ»ን መለየት የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

2. ዓምድ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ይዞ ነው የሚወጣው። ገጹን እንደ አንድ ወጥ ጽሑፍ እንዲያነብ የታዘዘ ኦሲአር ግማሽ የአማርኛ መስመር ካነበበ በኋላ ግማሽ የእንግሊዝኛ መስመር ይቀጥልበታል። ገጹን መሃል ለመሃል ቆርጦ ለየብቻ ማስነበብ ነው፤ አለቀ።

3. የፋይል ስም። ስክሪፕቱ ኖቱን «1156/2011» ብሎ ሊሰይም ሲሞክር ያቺ እዝባር ፎልደር መክፈቻ ትሆናለች፤ 1156 የሚባል ፎልደር ሊፈጠርና 2011 የሚባል ኖት ውስጡ ሊቀመጥ ይችላል። በእንግሊዝኛው ዓምድ ያው አዋጅ 1156/2019 ነው፤ ስለዚህ ኤአዩ አንዱን ሕግ ሁለት አድርጎ «ተዛማጅ አዋጆች» ብሎ ሊያገናኛቸው ይችላል። የፌዴራል አዋጆች ቁጥር በየዓመቱ ከአንድ አይጀምርም፣ ይቀጥላል፤ ለመለያ 1156 ብቻውን ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ተወችው።

የወጣቱ ሰርች ባዶ የሆነበት ምክንያት ከሁሉም ቀላሉ ነበር። አዋጁ «ሥራ» ይላል፤ እሱ የጻፈው «ስራ» ነው። ለሰው ዓይን አንድ የሆነው ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ቃል ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ዋናውን ጽሑፍ ነክቶ ወደ አንድ ፊደል መለወጥ ግን አይሞከርም፤ ጠበቃ ፍርድ ቤት ፊት የሚጠቅሰው ሕጉ እንደታተመ ነው። እሷ የምታደርገው ፊደሉ አንድ ወጥ የሆነ ቅጂ በኖቱ ግርጌ ማስቀመጥ ነው፤ ሰርቹ እሱን ያገኛል፣ ሰው ከላይ ያለውን ያነባል። እግረ መንገዷን ሁለት ነጥብ ደግመው አራት ነጥብ የሚያስመስሉትንም ታስተካክላለች፤ ስክሪፕቱ ዓረፍተ ነገር የሚቆርጠው በዚያ ነውና።

ኖሽን የተባለውን ሌላ የማስታወሻ መተግበሪያ የሚጠቀሙት ባልደረቦች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ኖሽን ስክሪፕቶች በሚገቡበት በር፣ በኤፒአይ በኩል፣ አንድን የጽሑፍ ቁራጭ ከ2000 ፊደል በላይ አይቀበልም፣ በአንድ ጊዜም ከ100 ብሎክ በላይ። ረዘም ያለ አንቀጽ ተመልሶ ይመጣል። አውቶሜሽኑ «ስህተት ቢኖርም ቀጥል» ተብሎ ከተዘጋጀ ደግሞ የትኛው አንቀጽ እንደቀረ ማንም አያውቅም።

«ማሽን አይሳሳትም» ለሚላት ሰው ሁልጊዜ የምትነግረው የጀርመናዊውን የኮምፒውተር ባለሙያ የዴቪድ ክሪዝልን ነገር ነው። በ2013 እንደ ፈረንጆች፣ የዜሮክስ ኮፒ ማሽኖች የቤት ፕላን ስካን ሲያደርጉ 21.11 ካሬ ሜትር የሆነውን ክፍል 14.13 ብለው እንደሚያወጡ አሳየ። ኦሲአር እንኳ አልነበረበትም። ፋይሉን ለማሳነስ የተሠራው ዘዴ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን አንዱን በሌላው ይተካ ነበር፤ ቁጥሩም ጥርት ብሎ ስለሚታይ ማንም አልጠረጠረም። የውል ገንዘብ ላይ ይህ ቢደርስ ምን ሊባል ነው?

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቶች ዞረች፤ እዚህ ላይ ንዴቷ ይበዛል፣ እውነቷንም ነው። ደብዳቤው ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል። ይታተማል። ይፈረማል፣ ማህተም ይመታበታል፤ ማህተሙም ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል የደብዳቤው ቁጥር ላይ ያርፋል። ከዚያ ጸሐፊዋ በስልኳ ፎቶ ታነሳውና በቴሌግራም ትልከዋለች፤ ቴሌግራም ደግሞ እንደ ፎቶ የተላከን ሁሉ ያሳንሰዋል። ቢያንስ እንደ ፋይል ቢላክ ምን አለበት? የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው። ጽሑፉ ሲጀመር ዲጂታል ነበር፤ ወደ ፎቶ ለውጠውት እሷ ከፎቶ ወደ ጽሑፍ ስትመልስ ትውላለች።

ቢሮው ውስጥ አሁን «ያልታየ» የሚባል ፎልደር አለ። ስክሪፕቱ የሚጽፈው እዚያ ብቻ ነው፤ ሰው ገጹንና ኖቱን ጎን ለጎን አስተያይቶ፣ በተለይ ቀን፣ ስምና የገንዘብ መጠን፣ ወደ ዋናው ያዛውራል። ወጣቱ ጠበቃ ይህ ጊዜ ይፈጃል ብሎ ነፃ የኦሲአር ድረገጽ አገኘሁ አላት። የደንበኛ ውል፣ ከነመታወቂያ ቁጥሩና ከነፊርማው፣ ባለቤቱ ወደማይታወቅ ድረገጽ ሊጭን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቀድሞውኑ በኖቶቹ ውስጥ ስለነበረ ሊንኩን ላከችለት፤ ቴሰራክት ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራም ጨምራ ነገረችው።