የመምህራን ድምፅ ለምን ይዘጋል?

ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ፣ ድምፃቸው የተዘጋባቸው መምህራን ወደ ሕክምና መምጣት ይጀምራሉ። አብዛኞቹ «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላሉ፤ ከመምጣታቸው በፊት አሞክሳሲሊን ገዝተው የጀመሩም ጥቂት አይደሉም። ረጋ ብለው ሲጠየቁ ግን ድምፃቸው ሐሙስና ዓርብ ላይ እንደሚጎረንን፣ ቅዳሜና እሑድን አርፈው ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ደግሞ እንደሚሻላቸው ይናገራሉ። ጉንፋን የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን አይለይም። የእንዲህ ዓይነቱ መጎርነን መነሻ ባብዛኛው ድምፅን ከአቅም በላይ መጠቀም ነው፤ አንቲባዮቲክም አይፈታውም።

ድምፅ የሚፈጠረው በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ከሳንባ በሚወጣው አየር እየተርገበገቡ እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። በተለመደ ንግግር የወንድ አውታሮች በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። አንዲት መምህርት በቀን ውስጥ ድምፅ ያወጡበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆን እንኳ ግጭቱ 700 ሺህ ያልፋል ማለት ነው። ሲጮኹ ግጭቱ ይበረታል፣ አውታሮቹም ያብጣሉ። ዕረፍት ካላገኙ ውሎ አድሮ በእጅ ላይ እንደሚወጣው መጅ ያለ ትንሽ ጉብታ ይወጣባቸዋል። ይህ ጉብታ በሴት መምህራን ላይ የሚበዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የርግብግቢቱ ብዛት ነው።

60 እና 70 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል «አይጩኹ» ብሎ መምከር ለሐኪም ቀላል ነው። ምክሩ የሚሠራው ጩኸቱን የሚተካ ነገር ሲገኝ ነው። ክፍሉን ጸጥ ለማሰኘት በድምፅዎ ፋንታ አንድ የታወቀ ምልክት ይጠቀሙ፤ ጠረጴዛ ማንኳኳት ወይም እጅን ከፍ አድርጎ ዝም ብሎ መቆም ሊሆን ይችላል። ለታችኛው ክፍል ልጆች ጭብጨባ ይስማማቸዋል፤ መምህሩ ሦስት ጊዜ ሲያጨበጭብ እነሱም ተከትለው አጨብጭበው ጸጥ ይላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሊስቁ ይችላሉ፤ ምልክቱን ሳይቀያይሩ መግፋት ነው። የቡድን ሥራ ሲሰጡ መመሪያውን አስቀድመው ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ ምንባቡንም ተማሪዎች በየተራ ያንብቡት። ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፉ መናገር ሁለት ጉዳት አለው፤ ድምፁ ወደ ግድግዳው ስለሚሄድ መጮኽ ግድ ይላል፣ የጠመኔው ብናኝም ወደ አፍና አፍንጫ ይገባል። ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ዞረው ይናገሩ። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ማጥፋትም ብናኙን ይቀንሳል።

ውሃ ላይ ስንደርስ ነገሩ ከመምህሩ እጅ ይወጣል። የድምፅ አውታሮች እርጥበት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ውሃ ይዞ መግባትና በየመሐሉ መጎንጨት ይመከራል። ነገር ግን ብዙ መምህራን፣ በተለይም ሴቶች፣ የትምህርት ቤቱ መፀዳጃ ንጹሕ ስላልሆነ ወይም ውሃ ስለሌለው ሆን ብለው ሳይጠጡ ይውላሉ። ውጤቱ የድምፅ መዘጋት ብቻ አይደለም፤ ሽንት መያዝና ውሃ አለመጠጣት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያጋልጣሉ። ይህን ማስተካከል የርዕሰ መምህሩ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የመምህራን መፀዳጃ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም።

ድምፅ ሲዘጋ በሹክሹክታ ማስተማር መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ሹክሹክታም አውታሮቹን ሊያደክም ስለሚችል ዝግ ባለ የተለመደ ድምፅ ጥቂት መናገር ይሻላል። በየደቂቃው ጉሮሮን «እህ፣ እህ» እያሉ መጥረግም አውታሮቹን በኃይል ስለሚያጋጭ በምትኩ ውሃ ይዋጡ። ሲጋራ መተው አለበት። ጠዋት ጠዋት ድምፃቸው የሚጎረንንና አፋቸውን የሚመራቸው ሰዎች የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰባቸው ሊሆን ስለሚችል፣ ራት በልተው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ባይተኙ ይመረጣል። ዝንጅብልና ማር ባለው ሻይ ጉሮሮን ማለስለስ ክፋት የለውም፤ ያበጠውን አውታር ግን የሚፈውሰው ዕረፍት ነው።

ከሦስት ሳምንት ያለፈ መጎርነን በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም መታየት አለበት። ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ በአንገት ላይ የወጣ እብጠት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ የማንቁርት ካንሰርም በመጎርነን ሊጀምር ይችላልና። ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ። ሳንባ ነቀርሳ ማንቁርትን ሊያጠቃ የሚችል ከመሆኑም በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ወደ ሌሎች ሊተላለፍ ይችላል።

ብዙዎች ምርመራውን ስለሚፈሩ ይዘገያሉ። በትንሽ መስታወት ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ አውታሮቹን ማየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ጉብታ ቢገኝ እንኳ ባብዛኛው ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው በድምፅ ዕረፍትና በአነጋገር ሥልጠና ይሻሻላል። ሐኪም የድምፅ ዕረፍት ያዘዘለት መምህር ከሥራ ሙሉ በሙሉ መቅረት ላይኖርበት ይችላል፤ ለሳምንት ያህል ፈተና እንዲያርም ወይም የተማሪ ውጤት እንዲመዘግብ ተደርጎ ክፍለ ጊዜውን ባልደረባው ሊሸፍንለት ይችላል። ወረቀቱን ለርዕሰ መምህሩ ሲያቀርቡ ይህንኑ ይጠይቁ።