አልጋውን ሳናይ አንተኛ፦ ትኋን፣ ሆቴልና የሙሳፊር አደብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ሄደን ሁለት ሌሊት ፔንሲዮን አደርን። ክፍሉ ንጹህ ነበር፤ አንሶላው ነጭ፣ ወለሉ የተወለወለ። በሁለተኛው ቀን ለፈጅር ስንነሳ ክንዳችን ላይ የተደረደሩ ቀያይ እብጠቶች አየን። የወባ ትንኝ ነው ብለን ተውነው። ትኋን መሆኑን ያወቅነው ቤታችን ከተመለስን ከሳምንታት በኋላ፣ የልጆች ፍራሽ ስፌት ውስጥ ስናገኘው ነው። ለማጥፋት ወራት ፈጀብን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለጎረቤትም ለዘመድም ትንፍሽ አላልንም፤ አፈርን። አንድ ዘመዳችን እንኳ ከገጠር መጥቶ እዚያው ፍራሽ ላይ አድሮ ሄዷል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታ ነው። ብዙዎቻችን ትኋንን የድህነትና የቆሻሻ ምልክት አድርገን ስለምናየው ስሙን መጥራት ይከብደናል። ትኋን ግን የሚፈልገው ቆሻሻን ሳይሆን ደምን ነው። የሰው እስትንፋስና ሙቀት ባለበት ሁሉ ይኖራል፤ በርካሽ ፔንሲዮንም፣ ኮከብ ባለው ሆቴልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የፓሪስ ነዋሪዎች በባቡርና በሲኒማ ቤት ወንበሮች ላይ ትኋን አየን ብለው ከተማው ታውኮ እንደነበር እናስታውሳለን። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ የጤና ደህንነት ተቋም ባወጣው ሪፖርት ከ2017 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ከ100 የሀገሪቱ ቤተሰቦች በ11ዱ ቤት ትኋን ገብቶ ነበር።

ያደገ ትኋን የምስር ፍሬ ያህላል፤ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው፣ ደም ሲጠጣ ይነፋል፣ ይቀላል። አይበርም፣ እንደ ቁንጫም አይዘልም። የሚጓዘው እየዳኸ፣ ከዚያም በእኛ ሻንጣና ልብስ ተሸሽጎ ነው። ሌሊት ወጥቶ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይመጥና ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። አንዲት ሴት ትኋን በዕድሜዋ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ሳይበላ ለወራት መቆየት ስለሚችል ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ሰው አላደረበትም ማለት ትኋን የለበትም ማለት አይደለም። ደግነቱ በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ጉዳቱ ማሳከኩ፣ እንቅልፍ መንሳቱና ጭንቀቱ ነው።

ሙስሊም መንገደኛ ለዚህ ጉዳይ የቆየ ትምህርት አለው። ማንም ሰው ወደ መኝታው ሲመጣ እሱ ከተነሳ በኋላ ምን እንደገባበት ስለማያውቅ በሽርጡ ውስጠኛ በኩል እንዲያራግፈው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ብዙዎቻችን የመኝታውን ዱዓ እንላለን፣ ማራገፉን ግን እንረሳለን። በራሳችን አልጋ ይህ ከታዘዘ፣ ማን እንደተኛበት በማናውቀው የሆቴል አልጋ ላይማ እንዴት አይሆን!

እርግጥ ትኋን ስፌት ውስጥ ስለሚሸጎጥ በማራገፍ ብቻ አይወጣም፤ ማየት ያስፈልጋል። ክፍል ስንገባ ሻንጣችንን አልጋው ላይ አንወርውር። ምርመራው እስኪያልቅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ሴራሚኩ ላይ እናስቀምጠው። ከዚያ የስልካችንን መብራት አብርተን አንሶላውን ከማዕዘኑ እንገልብጥ፤ የፍራሹን ስፌት፣ በተለይ በራስጌ በኩል፣ ቀስ ብለን እንይ። የራስጌው እንጨትና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ፣ የኮመዲኖው መሳቢያ፣ የመጋረጃው እጥፋት መታየት አለባቸው። የምንፈልገው ትኋኑን ብቻ አይደለም። በእስክሪብቶ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ (ኩሱ ነው)፣ የደረቀ የደም እድፍ፣ የተገፈፈ ቀላል ቡናማ ቆዳና ነጫጭ ጥቃቅን እንቁላሎች ምልክቶቹ ናቸው። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ካገኘንስ? ፎቶ አንስተን ለሪሴፕሽን በእርጋታ እንንገር፤ ሌላ ክፍልም እንጠይቅ። የሚሰጠን ክፍል ግን ከዚያኛው ጎን፣ ከላዩ ወይም ከሥሩ ባይሆን ይሻላል፤ ትኋን በግድግዳ ስንጥቅና በኤሌክትሪክ መስመር ቀዳዳ ይሻገራል። «የሰው ገበያ ከምዘጋ ዝም ልበል» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ይህ ሐያእ ቢመስልም ከእኛ በኋላ እዚያ አልጋ ላይ የሚያድረውን ሰው አማና ይረሳል። ዑለሞች ሌሎችን ከጉዳት ለማስጠንቀቅ እውነቱን መናገር ከተከለከለው ሐሜት እንደማይቆጠር አስረድተዋል፤ ኢማም ነወዊም በ«ሪያዱ ሷሊሒን» ከዘረዘሯቸው ስድስት ሁኔታዎች አንዱ ይኸው ነው። በሌላ በኩል ንክሻ ብቻ አይተን ሆቴሉን በቴሌግራም ማብጠልጠል ግፍ ሊሆን ይችላል። እብጠቱ በአንዳንድ ሰው ላይ እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ስለሚወጣ ዛሬ ያየነው ንክሻ ካለፈው ሳምንት ማደሪያችን የመጣ ሊሆን ይችላልና።

እኛም በመጨረሻ ለዚያ ዘመዳችን ደውለን ነገርነው። ቤቱ ውስጥ ቀድሞ አግኝቶት ነበር፤ እንዳናፍር ብሎ ደብቆናል። ሁለታችንም ዝም ባልንባቸው ወራት ትኋኑ በሁለት ቤት ሲራባ ከርሟል።

ሐጅና ዑምራ ላይ

በመካ ሆቴሎች አራትና አምስት ሰው አንድ ክፍል ይጋራል፤ በሚና ድንኳኖች ውስጥ መኝታዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሻንጣዎች በአውቶቡስ ሆድ ውስጥ ይነባበራሉ። የአንዱ ትኋን የሁሉም የሚሆነው በአንድ ሌሊት ነው። ስለዚህ ክፍሉን መፈተሽ የመጀመሪያው ገቢ ሰው ሥራ ይሁን። ትልልቅ እናቶችና አባቶች ካሉ ወጣቶቹ ይፈትሹላቸው።

ኢሕራም ላይ ሆነው ትኋን ያገኙ ሰዎች «ብገድለው ፊድያ ይኖርብኛል ወይ?» ብለው ይጨነቃሉ። ለሙሕሪም የተከለከለው የየብስ አደን ነው (ሱረቱል ማኢዳህ 95)። እንደ ትኋንና ቁንጫ ያሉ የሚያስቸግሩ ነፍሳት አደን ስላልሆኑ ብዙ ዑለሞች መግደላቸውን ይፈቅዳሉ። ክርክሩ በዋናነት ከሰው ፀጉርና ገላ ላይ በሚገኘው ቅማል ላይ ነው። እዚህ ጋ የከዕብ ኢብኑ ዑጅራ (ረ.ዐ.) ታሪክ ይነሳል። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ሑደይቢያ ላይ፣ ቅማል ከራሳቸው ወደ ፊታቸው ሲረግፍ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው ራሳቸውን እንዲላጩ ፈቀዱላቸው። ፊድያውም ሦስት ቀን መጾም፣ ወይም ስድስት ሚስኪኖችን ማብላት፣ ወይም በግ ማረድ ነበር። ፊድያው የመጣው በመላጨቱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሰዎች የማይጨነቁበት፣ ግን ሊጨነቁበት የሚገባው ሌላ ነው፦ የማሳከክ ማስታገሻ ቅባት። ሽቶ ያለበት ቅባትና ሳሙና በኢሕራም አይፈቀድም፤ ሽታ የሌለውን ከሀገር ቤት ይዘን እንሂድ። ንክሻውን ማከክ ችግር የለውም። የኢሕራም ጨርቁንም ማጠብ ወይም በሌላ ኢሕራም መቀየር ይቻላል።

ሌላው ተደጋጋሚ ጥያቄ በጀለቢያ ወይም በመስገጃ ላይ የተጨፈለቀ ትኋን የሚተወው የደም ነጠብጣብ ነው። በሀገራችን ከሚታወቁት መዝሃቦች በሐነፊይ የትኋንና የቁንጫ ደም ነጃሳ አይደለም፤ በሻፊዒይ ደግሞ ነጃሳ ቢባልም መጠበቁ አስቸጋሪ ስለሆነ ጥቂቱ ይቅር ተብሏል። ስለዚህ ከሰገድን በኋላ ነጠብጣብ ስላየን ሰላት አንደግምም፣ ወስዋስም አንግባ። ወላሁ አዕለም።

ወደ ቤት ስንመለስ

የጉዞ ልብስ፣ ያልለበስነው ጭምር፣ በተቋጠረ ፌስታል ሆኖ በቀጥታ ወደ እጥበት ይሂድ። በ60 ዲግሪ ሙቀት ማጠብ ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል። በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ማሸት ግን ለትኋን ገላ እንደመታጠብ ነው! ሙቅ ውሃ የማይችለውን በካውያ ስፌት ስፌቱን መተኮስ፣ ወይም በፌስታል አስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ቢያንስ አራት ቀን ማቆየት ይቻላል። በሐዲስ ነፍስ ያለውን በእሳት መቅጣት ስለተከለከለ ፍራሽ አውጥቶ ከነትኋኑ ማቃጠል አይገባም። ልብስን በሙቅ ውሃ ማጠብ ግን ዓላማው ልብሱን ማጽዳት ስለሆነ ከዚህ ጋር አይምታታ።

ፍሊትን በተመለከተ፣ ብዙ የትኋን ዝርያዎች የተለመዱትን መድኃኒቶች ተላምደዋል፤ ደጋግሞ መርጨት የሚጎዳው ልጆቹን ነው። ለእርሻ የተሠራ ፀረ ተባይ ፍራሽ ላይ መርጨትና በነጭ ጋዝ አልጋ ማጠብ ደግሞ ከትኋኑ የባሰ አደጋ ናቸው።

ሻንጣው ይቀራል። እንደ ልማዳችን ሐጂው ሲመለስ ቤተሰቡ ይሰበሰብና ሻንጣው አልጋ ላይ ወይም ሶፋ ላይ ይከፈታል፤ ተምሩ፣ መስገጃውና ተስቢሑ እየወጣ ይታደላል። ይህን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር፦ ሻንጣው በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ይከፈት። ዕቃው አንድ በአንድ እየታየ ይውጣ፣ ስፌቱና ኪሱ በብሩሽ ይጠረግ፣ ከዚያ ባዶው ሻንጣ ከመኝታ ቤት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ልጆቹ ስጦታቸውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ቢጠብቁ ነው።