የአደራ ጊታርና ዝዝ የሚል ክር

ጊታር የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል። አሮጌው ክር ዝጎ ድምፁ ይሞታል፤ አዲስ ተገዝቶ ይታሰራል፣ ይቃኛል። ያን ጊዜ ትናንት ያልነበረ ድምፅ ይመጣል፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ይመስል ዝዝዝ። ብዙ ሰው ወዲያው ጊታሩ የተበላሸ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር፤ ያውም ጊታሩ የራሴ አልነበረም። ጓደኛዬ ለጥቂት ወራት አገር ቤት ሲሄድ በአደራ የተወልኝ የፌንደር ስትራቶካስተር ነበር። ሲመለስ ደስ ይበለው ብዬ ክሩን ስቀይርለት ምን እንዳደረግሁ ወደ ኋላ አወራለሁ። አስቀድመን ግን ይህ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ እንይ።

በገና የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የአለሙ አጋን በገና የሰማ ሁሉ ያንን ነዛሪ ድምፅ ያስታውሰዋል። በበገናው በርኩማ ላይ፣ በየአውታሩ ሥር፣ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን ወዲህና ወዲያ እያደረገ አውታሩ ሲመታ በርኩማውን ለጥቂት እየነካ እንዲነዝር ያደርገዋል። ጊታር ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የሚርገበገበው ክር አንድ ጠንካራ ነገር ለጥቂት ይነካል። በገናው ላይ ግን ፈልገን እናመጣዋለን፣ ጊታሩ ላይ ሳንጠራው ይመጣል። እንግዲህ ሥራው ሁሉ ክሩ የሚነካውን ነገር ማግኘት ነው።

በመጀመሪያ ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው ይምቱት። ሳይሰካም ዝዝ ካለ ጉዳዩ የክር ነው። ሲሰካ ብቻ የሚያጉረመርም፣ ክሩን በእጅ ሲነኩት የሚቀንስ ከሆነ ግን የኤሌክትሪክ ነገር ነውና ክሩን አይውቀሱ። ሳይሰካ ትንሽ ዝዝ ብሎ በአምፕሊፋየሩ የማይሰማ ከሆነስ? የኔ ምክር ይተዉት ነው። ክራቸውን ዝቅ አድርገው መጫወት የሚወዱ ብዙ ጎበዞች ያን ያህሉን ችለው ይኖራሉ።

ቀጥሎ የክሩን ማሸጊያ ከቆሻሻ መጣያው አውጥተው ያንብቡ። በመደብር «ዘጠኝ» እና «ዐሥር» የሚባለው የቀጭኗ ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ሲለካ ነው። ልዩነቱ ከአንዲት ፀጉር ያነሰ ቢሆንም ጉልበቱ ሌላ ነው። ስትራቶካስተር ላይ ባለ ዐሥሯ ስትቃኝ ከ7 ኪሎ በላይ ትስባለች፤ ባለ ዘጠኟ ግን 6 ኪሎ ያህል ብቻ። በስድስቱ ክሮች ሲደመር ልዩነቱ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። አንገቱ ውስጥ ደግሞ ትረስ ሮድ የሚባል ረጅም ብረት አለ። ክሮቹ አንገቱን ወደ ፊት፣ ብረቱ ወደ ኋላ ይስባሉ፤ ገመድ ጉተታ በሉት። ክሩ ሲሳሳ ብረቱ ያሸንፋል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ይልና ክሮቹ ወደ ፍሬቶቹ ይጠጋሉ። ስትራቶካስተር ላይ በዚህ ላይ ከጀርባው ያሉት ሞላዎች አሉ፤ እነሱም ተንሳፋፊውን ብሪጅ ስበው ዝቅ ያደርጉታል።

የኔ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ጓደኛዬ የሚያስረው ዐሥር ነበር፤ እኔ ለጣት ይቀላል ብዬ ዘጠኝ ገዛሁ። ሦስተኛው ፍሬት ላይ ስጫን ዝዝ ሲል ጥፋተኛው ራሱ ሦስተኛው መሰለኝና ሞረድ አነሣሁ። ሦስተኛው ላይ የተጫኑት ክር የሚነካው ግን ከእሱ ወደ ብሪጁ ያለውን፣ አራተኛውን ወይም ከዚያ ወዲያ ያሉትን ነው። ሦስተኛውን በሞረድኩ ቁጥር ክሩ ይበልጥ ወደ አራተኛው ወረደ፤ ዝዝታውም ባሰበት። ደግሞ የተሞረደ ብረት አይመለስም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለሰውን ያድርጉ። ቀላሉ መድኃኒት የቀድሞውን ውፍረት መልሶ ማሰር ነው። ቀጭኑን ከወደዱት ግን ከብሪጁ ይጀምሩ። ከጊታሩ ጀርባ ሞላዎቹን የያዙ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ሁለቱንም እኩል ግማሽ ዙር በካቻቢቴ አላልተው እንደገና ይቃኙ፤ ብሪጁ ወደ ቀድሞ ቦታው እስኪመለስ ይደጋግሙ። ከዚያ አንገቱን ይመልከቱ። አንዱን ክር በአንድ ጊዜ መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ይጫኑና ስምንተኛው ፍሬት ላይ ከክሩ ሥር ያለውን ክፍተት ይዩ። ለስትራቶካስተር 0.25 ሚሊሜትር ያህል በቂ ነው። መለኪያ ከሌለዎት የአንድ ዶላር ኖት ውፍረት 0.11 ሚሊሜትር ነውና፣ ለሁለት የታጠፈ ኖት ክሩን ሳያነሣ ማለፍ አለበት። ክፍተት ከሌለ ትረስ ሮዱን በልኩ ብሩጎላ ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ ያላሉት። ቃኝተው እስከ ማግሥቱ ይተዉት፤ እንጨት ቶሎ አይታዘዝም። ቁልፉ እምቢ ካለ አይታገሉት፤ ለባለሙያ ይስጡ።

ዝዝታው ከ12ኛው ፍሬት በላይ ብቻ ከሆነ የዚያን ክር ማረፊያ ብሪጁ ላይ በትንሿ ብሎን ከፍ ያድርጉ። 17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊሜትር ከፍታ ጥሩ መነሻ ነው። ምንም ሳይጫኑ፣ ባዶ ክር ሲመታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ያለው ጫፍ ላይ ነው፤ ክሮቹ ወደ መቃኛው ሲሄዱ የሚያልፉባት ቦይ ያላት አጥንት ዘንድ። ወፍራሞቹ ክሮች በመቃኛው ዘንግ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ወደ ታች እየወረዱ መጠምጠም አለባቸው፤ ካልሆነ አጥንቷን በደንብ አይጫኑም። ለወፍራም ክር የተቆረጠ ሰፊ ቦይ ውስጥ የገባ ቀጭን ክርም ሊወዛወዝ ይችላል። ቦዩን ግን አይሞርዱ፤ በዚህ ላይ የምናገረው ከልምድ ነው።

አንዳንዴ ጥፋተኛው ይህ ሁሉ አይደለም፤ ሳይቆረጥ የቀረ የክር ጫፍ ወይም የላላ የመቃኛ ብሎን ነው። ክሩ እየጮኸ ሳለ የተጠረጠረውን ነገር አንድ በአንድ በጣት ይንኩ፤ ዝም ያሰኘው እሱ ነው። በክረምት ማሞቂያ ሲበራ የቤቱ አየር ስለሚደርቅ አንገት ሊንቀሳቀስ እንደሚችልም አይርሱ።

እኔ በመጨረሻ ዐሥሩን መልሼ አሰርሁ። ከሦስተኛው ፍሬት በቀር ዝዝታው ሁሉ ጠፋ። ፍሬቱን የጊታር ሠሪ በአዲስ ተካው፤ የከፈልኩትም ብዙ ማሸጊያ ክር ይገዛ ነበር። ጓደኛዬ ሲመለስ ጊታሩን አንሥቶ ትንሽ ተጫወተ፣ ከዚያ አንገቱን ወደ መብራቱ አዘንብሎ አየ። «ይሄ ፍሬት ብቻ ለምን አዲስ ሆነ?» አለኝ። ነገርኩት። ጠረጴዛው ላይ እናቱ የላኩልኝ በርበሬና ሽሮ ተቀምጦ ነበር።